ጫካ ገብቼ በነጻ ልሥራ ወይ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ደን ነው። ክረምቱ ስለደረሰ ይሁን ሰው ከተማው ሰልችቶት እንጃ፣ ብቻ ችግኝ፣ ፓርክ፣ ሎጅ፣ ቮለንቲር የሚል ቃል የሌለበት ደብዳቤ ጥቂት ነው። ስለ ትዳር የጻፋችሁ አብሽሩ፣ ተራችሁ በሚቀጥለው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ነዎት። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ አሁን አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ አለኝ፣ ጓደኞቼ ሐዋሳ እንሂድ ይላሉ እኔ ግን እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለው ቦረና ሳይንት ፓርክ ሄጄ ቮለንቲር መሆን አምሮኛል። ችግሩ ዶማ ጨብጬ አላውቅም፣ ምን ልጠቅም እችላለሁ? እናቴ ደሞ "ሰው ደሞዝ ተከፍሎት የሚሠራውን አንቺ በነጻ ልትሠሪ፣ ያውም ከፍለሽ ሄደሽ!" እያለች ትስቅብኛለች። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እናትሽ ቀልድ አላወሩም፣ እንደውም ከሳቸው ልጀምር። ችግኝ ጣቢያ ላይ አፈር ነፍተው፣ ከፍግና ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው ፕላስቲክ የሚሞሉት ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሴቶች ናቸው፣ በቀን ሂሳብ። ከከተማ ሃያ ሰው በሚኒባስ ሄዶ "በነጻ እንሞላለን" ካለ የነዚያን ሴቶች የዕለት ገቢ ወስዶ መመለሱ ነው፣ እሱ ግን በጎ አድራጊ ነኝ ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ "ይሄንን ሥራ ተከፍሎት የሚሠራ ሰው አለ ወይ?" ይሁን። ካለ ተይው፣ ሰው ያጡለትን ፈልጊ።

ሰው የጠፋለት ደሞ አንቺ የምትችዪው ነው። ዶማ የሚችል ሰው ቦረና ሞልቷል፣ ሂሳብ መዝገብ የሚችል ግን እንጃ። እንግዳ የሚመጣበት የትኛውም ጥብቅ ደን ዙሪያ ጋይድ አለ፣ በቅሎ አከራይ አለ፣ አብሳይ አለ፣ ዕቃ ተሸካሚ አለ። የሚጣሉት በምን መሰለሽ? በተራ ነው። ማን ስንት ጊዜ እንግዳ ያዘ፣ ለጋራው ሳጥን ስንት ገባ፣ ማን ያዘው፣ ስንቱ ለትምህርት ቤቱ ወጣ። ይሄ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ ያ ሰውዬ አንድ ቀን ሲኮርፍ ማኅበሩ አለቀለት ማለት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ የተራ መዝገብ፣ አንድ የገቢና ወጪ ደብተር፣ ከደረሰኝ ጋር አዘጋጅተሽ አስረኛ ክፍል የጨረሰች አንዲት ልጅ ይዘሽ ብታሠለጥኚ (አንቺ ስትሄጂ የምትቀጥለው እሷ ናት፣ ዋናው እሱ ነው) ሁለት ሺ ችግኝ ከተከለ ሰው በላይ ሠራሽ እልሻለሁ። ሌላም ሥራ አለ፣ ስካውቶች (የፓርኩ ጠባቂዎች) የት ምን አውሬ አየን ብለው በወረቀት የሚጽፉት ካለ እሱን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት። አሰልቺ ነው፣ ላይክ አያመጣም፣ ግን ወረቀት አይጥ ይበላዋል።

ስለ ችግኝ ካነሳሁ የራሴን ልንገርሽ። የዛሬ ስንት ዓመት ከመሥሪያ ቤት ተሰብስበን፣ ቆብ ታድሎን፣ ዝናብ እየወረደብን አንድ ኮረብታ ላይ ወጥተን ተከልን፣ ዘፈን ሁሉ ነበረ። ኅዳር ላይ በዚያው ሳልፍ ጎራ ብዬ ሳይ የደረቀው ይበዛል፣ አንዱን ሳብ ባደርገው ከነፕላስቲኩ ወጣ። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ጥቅል ተጠምጥሞ ሞቷል። የማን ነው እንዳትዪኝ፣ በዚያ መስመር የተከልኩት እኔ ነበርኩ። ፕላስቲኩን ቀድደህ አውጣ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም፣ ለፎቶው ቸኩዬ ነበር። ስለዚህ መትከልም ከሆነ የሚያሳይሽ ሰው አጠገብሽ ይኑር፣ ጉድጓዱም ዝናቡ ሳይጠነክር ቀድሞ የተቆፈረ ይሁን። ከዛ በላይ ደሞ ማን ያርመዋል፣ ማን ከፍየል ይጠብቀዋል የሚለውን ጠይቂ። መትከል የአንድ ቀን ነው መጠበቅ የሦስት ዓመት።

አሁን ወደ ቦታው። ከደሴ በጉጉፍቱ፣ በአቀስታ አድርገሽ መካነ ሰላም ነው የምትደርሺው፣ ፓርኩ ከዛ ቅርብ ነው። ዛሬ ስሙ ረዝሞ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ተብሏል፣ የድሮ ሰው ግን ደንቆሮ ጫካ ነው የሚለው፣ ስሙ አያስቅሽ። ታች ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው አለ፣ ወደ ላይ ስትወጪ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ከዛ ጅብራና ሳር ብቻ። ጭላዳ በመንጋ ታያለሽ፣ ድኩላ ታያለሽ፣ ቀይ ቀበሮ ግን ዕድል ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም ያሉት እዚሁ አገራችን ነው፣ ከሰው ጥይት ይልቅ የሚጨርሳቸው ደሞ ከቤት ውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እና "ውሻዬን ይዤ ልሂድ" የሚል ጓደኛ ካለሽ አደራ አስቀሪው። የውሻ ክትባት ዘመቻ ካገኘሽ ግን እሱ ላይ ስም መመዝገብ፣ ውሻ መያዝ፣ ካርድ መጻፍ የመሰለ በጎ ሥራ የለም፣ ለቀበሮውም ለእረኛውም ይጠቅማል።

ሳትጽፊ አትሂጂ። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም "እኔ ይሄን ይሄን እችላለሁ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ነኝ፣ ያስፈልጋችኋል ወይ?" ብለሽ ጻፊ። አያስፈልግም ካሉ እንደ ጎብኚ ሂጂ፣ መግቢያ ክፈዪ፣ ጋይድ ያዢ፣ በቅሎ ተከራዪ፣ እሱም ራሱ እርዳታ ነው። መንገዱን ደሞ ባለፈው ሳምንት ሰላም ነበረ ብለሽ እንዳትነሺ፣ የምትነሺ ዕለት ጠዋት መነኻሪያ ጠይቂ፣ መካነ ሰላምም ደውዪ፣ እንዲህ ነው ካሉሽ ቅሪ፣ ጫካው የትም አይሄድም።

አንድ የረሳሁት፣ እንዲያውም ዋናው። የኛ የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣ መርሃባ ብሎ ያለውን ነው የሚያቀርብልሽ፣ የሌለውንም ተበድሮ። የሁለት ሳምንት ቮለንቲር ነኝ ብለሽ ሰው ቤት ብታርፊ የልጆቹን እንቁላል በልተሽ ነው የምትወጪው፣ አልበላም ብትዪ ደሞ ይቀየማሉ። ስለዚህ ሽሮ፣ ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት ሸክፈሽ ሂጂ፣ ገና ስትገቢ ለእመቤቲቱ አስረክቢ፣ የማደሪያ ሂሳብም ቀድመሽ ተነጋገሪ። ሹራብ ሁለት። የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፣ እዛ ብርዱ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ (አያቴ ሲናገሩ እኔ ነኝ የጻፍኩት) እኛ ከኮምቦልቻ በላይ በየጎፍ ተራራ በኩል ነን። ድሮ ከብት የምናሰማራበት ጋራ ተከለለ ተባልን፣ እሺ አልን። አሁን ደሞ ስብሰባ ተጠርተን ቱሪስት ይመጣል፣ ኢኮቱሪዝም (ተፈጥሮን ሳይጎዳ የሚደረግ ጉብኝት) ነው፣ ትጠቀማላችሁ ይሉናል። ቱሪስቱ ሲመጣ የኔ በሬ ምን ይበላል? ነው ወይስ ሳሩን ቱሪስቱ ይበላዋል?

መልስ፦ አባባ፣ ይሄን ጥያቄ ስብሰባው ላይ ቢያነሱት ደስ ባለኝ። ሳቅሁ ግን ትክክል ነዎት። ቱሪስት በሬ አያጠግብም፣ በየጎፍ በኩል ቢመጣም ቅዳሜና እሁድ ከከተማ የሚወጣ ወጣት ነው የሚበዛው፣ ውሃ በፕላስቲክ ይዞ ወጥቶ ፕላስቲኩን ጥሎ የሚወርድ። ከሱ ገቢ የሚጠብቅ ሰው ይርበዋል። የተከለለ ጋራ ለገበሬው ቀድሞ የሚሰጠው ሌላ ነው፣ ሳር፣ ማር፣ ውሃ። ከብት ካልገባበት ሳሩ ቶሎ ይመለሳል፣ ከዛ እየታጨደ ለየቤቱ በሸክም ይከፋፈላል፣ በሬው ቤቱ ታስሮ ይበላል። ድካም አለው፣ አውቃለሁ፣ ድሮ እረኛው ነበር የሚደክመው አሁን አጫጁ ሆነ። ግን በ77 የነበረውን ራቁት ጋራ እርስዎ ከኔ በላይ ያስታውሱታል።

አንድ ነገር ልንገርዎት። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል አገር አለ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ እየዘጋ እየከፈተ የጠበቀው። ሥርዓቱን ቄሮ ይሉታል፣ ሌላ እንዳይመስልዎት የነሱ የድሮ ቃል ነው። ሜዳውን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉታል፣ ማንም አይገባም፣ ከዛ ቀን ተቆርጦ ይከፈትና ሁሉም ሳሩን ያጭዳል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሜዳውም መጎዳት ጀመረ፣ በኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቁሞ ደንብ ጽፎ መልሶ ያዘው። ዛሬ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዛ አለ፣ እንግዳ የሚያርፍበት የማኅበረሰቡ ሎጅም አለ። ልብ ይበሉ ግን፣ መጀመሪያ የመጣው ሳሩ ነው፣ ቱሪስቱ የመጣው መጨረሻ ነው። እኛ ጋ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው፣ ሎጁ ተስሎ በሬው ይረሳል።

እና የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፣ በቃል አይቀበሉ። ሳሩ መቼ ይታጨዳል ለማን ለማን፣ ቀፎ የሚሰቅለው የአካባቢው ወጣት ነው ወይስ ከሌላ የመጣ፣ እንግዳ ከከፈለው ላይ ለቀበሌው ስንት ይቀራል። ደንቡ ላይ ይስፈር፣ ሕዝቡ ይፈርምበት። ምንጩንም ያንሱ። ከጋራው ሥር ያለው ምንጭ ከመከለሉ በፊት እስከ ስንት ወር ይቆይ ነበር አሁንስ? ይሄን የሚያውቁት እርስዎና እኩዮችዎ ብቻ ናችሁ፣ የልጅ ልጅዎ ይጻፈው፣ ጎበዝ ጸሐፊ ነው።

ጥያቄ፦ ብሮ እኔ ደሴ ነኝ፣ ሥራ ፈልጌ ደክሞኛል፣ አንድ ሰውዬ በቴሌግራም ኮስታሪካ ደን ጥበቃ ላይ ቮለንቲር እልክሃለሁ አለኝ፣ 1500 ዶላር ክፈል፣ ምግብና ማደሪያ አለ፣ እዛ ከገባህ በኋላ ሥራ ታገኛለህ አለ። ቮለንቲር ይከፈልበታል እንዴ? ደህና ነው ወይስ ይበላኛል?

መልስ፦ ይበላሃል የሚል ነው ሆዴ፣ ግን ምክንያቱ መክፈሉ አይደለም። ቮለንቲር ከፍሎ የሚሄድበት ቦታ በዓለም ሁሉ አለ፣ አልጋውና ምግቡ የሰው ገንዘብ ነው፣ አሠልጣኙም ጊዜውን ይሰጥሃል፣ ነጻ ጉልበት ደሞ ለማያውቀው ሰው ሸክም ነው (ላይኛውን የኔን ፕላስቲክ አንብብ)። የሚያጠራጥረኝ "ከገባህ በኋላ ሥራ ታገኛለህ" ያለው ነው። ቮለንቲር የሚፈልግ ደን ሥራ አይሸጥም። ሥራ የሚሸጥልህ ሰው ደሞ ደን አያውቅም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የደኑን ስም ስጠኝ በለው። ስሙን ካልሰጠህ አለቀ፣ ብሎክ አድርግ። ከሰጠህ በሱ በኩል ሳይሆን ራስህ ፈልገህ ለደኑ አስተዳደር ጻፍ፣ ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ ወይ፣ ክፍያው ስንት ነው፣ በምን ይከፋፈላል ብለህ። ትክክለኛ ቦታ ለአልጋ ይሄን ያህል ለምግብ ይሄን ያህል ብሎ ዘርዝሮ ይነግርሃል፣ አያፍርም። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ ነው፣ ደላላ አይሰጥም፣ ቪዛው እጅህ ሳይገባ ደሞ በግለሰብ ስም ብር እንዳታስገባ።

ኮስታሪካ እራሷ ግን እውነተኛ ናት፣ ሰውዬው የመረጠው አገር አሪፍ ነው ልበል። ሞንቴቬርዴ የሚባል የደመና ደን አላቸው፣ ጉም ሁሌ የማይጠፋው። ታሪኩ ደስ ይላል፣ በ1951 እ.ኤ.አ ጦርነት አንዘምትም ያሉ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ከአሜሪካ አላባማ መጥተው መሬት ገዝተው ከብት እያረቡ አይብ ይሠሩ ነበር፣ ከላይ ያለውን ጫካ ግን አልቆረጡትም፣ ውሃችን ይደርቃል ብለው። (ከላይ የጻፉት አባባ ይሄን ይስሙ።) በ1972 እ.ኤ.አ ጥብቅ ደን ተባለ። በ1987 እ.ኤ.አ ደሞ የስዊድን ተማሪዎች ሳንቲም አዋጥተው አጠገቡ መሬት አስገዙ፣ እሱም የልጆች ደን ተብሎ አድጎ ዛሬ ከ20,000 ሄክታር ይበልጣል። አገሪቷም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ ደኗ ወደ ሩብ ገደማ ወርዶ ነበር፣ አሁን ከግማሽ በላይ ሆኗል፣ አንዱ ምክንያት ከነዳጅ ላይ ቀረጥ ቆርጠው ዛፍ ላልቆረጠ ባለመሬት መክፈላቸው ነው። ያም ሆኖ ሁሉን አላዳኑም፣ እዛ ብቻ የነበረች ወርቃማ እንቁራሪት ከ1989 እ.ኤ.አ በኋላ ታይታ አታውቅም፣ ዛፉ ሳይቆረጥ።

አንተ ግን ልምድ ከሆነ የምትፈልገው ለ1500 ዶላር ከመበደርህ በፊት እዚሁ ሞክር። ወፍ በስሟ የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ታሪክ የሚነግር ጋይድ ደሴ ውስጥ ስንት አለ? ጦሳ ተራራ ላይ ጠዋት ጠዋት እየወጣህ አንድ ዓመት ወፍ ብትመዘግብ፣ የትኛዋ በየትኛው ወር መጣች እያልክ፣ ያ ደብተር ከማንም ሰርተፊኬት በላይ ሲቪ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ፣ አራት ክፍል ናት። ልጄ "ኢኮ ሎጅ" የሚል ታፔላ እናውጣ፣ ዋጋውም ይጨምራል አለኝ። ይቻላል ወይ? መንግሥት ይጠይቀኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ መንግሥት ከመጠየቁ በፊት ሐይቁ ይጠይቅዎታል። የሐይቅ ሐይቅ (አቤት ስሙ፣ ሁሌ ያደናግረኛል) ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፣ የገባበት ነገር እዛው ይቀራል። ስለዚህ የሻወሩ ውሃ፣ የሽንት ቤቱ፣ የሳሙናው የት ነው የሚሄደው? ወደ ሐይቁ ከሆነ ግድግዳውን አረንጓዴ ቀብተው ሳር ቢከድኑትም ኢኮ አይደለም። ሁለተኛ ማገዶ ነው፣ ለእንግዳ ሻወር ውሃ በእንጨት የሚያሞቁ ከሆነ ሶላር ይግዙ፣ መጀመሪያ ይወደዳል በኋላ ይክሳል። ሦስተኛ ዓሣውን ከማን ነው የሚገዙት፣ ገና ያላደገ ጫጩት ዓሣ የሚያመጣልዎትን ልጅ መልሱት።

እነዚህን ካደረጉ ታፔላው ላይ ኢኮ ባይሉም እንግዳው ራሱ ይላል። ለእንግዳዎችዎም ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድመው ይንገሯቸው፣ ሴት እንደማይገባ ሳያውቁ በር ላይ ደርሰው ተናደው የሚመለሱ አሉ፣ ለሴቷ እንግዳ በዚያ ሰዓት ወፍ የምታሳያት ጋይድ ቢያዘጋጁላት ሁለት ሰው ሥራ አገኘ። ንግድ ፈቃዱን ልጅዎ ይጠይቅ፣ ታፔላ ያሰበ እሱ አይደል።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ለጦጣ ሙዝ ብሰጥ ምናለበት? ጓደኛዬ ተቆጣችኝ።

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ናት። ዛሬ አንተ ሙዝ ትሰጠዋለህ፣ ነገ ሙዝ ያልያዘች ሕፃን ቦርሳዋን ይነጥቃታል፣ ይቧጭራታል፣ ከዛ ሰፈሩ "ጦጣው አስቸገረ" ብሎ ድንጋይ ያነሳል። መኪና መንገድ ላይም እየለመደ ይወጣና ይዳጣል። ጭላዳ ደሞ ሳር በል ነው፣ ዳቦ እንዳትወረውርለት። ሙዙን አንተው ብላው፣ ልጣጩን ይዘህ ግባ።